ሰማያዊው ይቀድማል፦ ፎጣው ላይ ያለው ወፍ ከየት መጣ?

እንደምን ዋላችሁ! ከባሕር ዳር ነን። የዛሬው ጉዳያችን የወጥ ቤት ፎጣ ነው። አዎ፣ ፎጣ! ብርጭቆ የምናደርቅበት።

(ምስሉ ይጠጋል) ይቺን ንድፍ እዩልኝ። ጠቆር ያለ ሰማያዊ መደብ፣ ቅጠል በቅጠል ላይ፣ በመሐሉ ጥንድ ጥንድ ወፎች። አንዱ ጥንድ እንጆሪ በአፉ ይዟል። ሌላው ጥንድ አፉን ከፍቶ ይዘምራል፤ ሰርቆም ይዘፈናል እንግዲህ! ስሙም «እንጆሪ ሌባ» ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ሞሪስ በ1883 እ.ኤ.አ. ነደፈው። ኬልምስኮት በሚባለው የገጠር ቤቱ ወፎች እንጆሪውን ቢለቅሙበት ጊዜ ሳላቸው። ጎጃም ቢሆን ኖሮ ማሽላ ጠባቂው ከማማው ላይ በወንጭፍ ይሸኛቸው ነበር። በመጀመሪያ ለመጋረጃና ለግድግዳ ነበር የታተመው፤ ፎጣና ሽርጥ ላይ የወረደው ኋላ ነው።

አሁን ጥያቄ፦ ነጭ ጨርቅ ላይ ሰማያዊ ታተመ? አይደለም። ሰማያዊው ይቀድማል። ደግሜ ልበለው፣ ሰማያዊው ይቀድማል።

የልጅ ቁንጮ አስቡ። ቁንጮ ራስ ላይ አይለጠፍም። ጸጉሩ አስቀድሞ አለ፤ እናት ዙሪያውን ትላጫለች፣ የተረፈው ቁንጮ ይሆናል። ኢንዲጎው፣ ማለትም ጨርቁ አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ የሚነከርበት ሰማያዊ ቀለም፣ ጸጉሩ ነው፤ ማንጫው፣ ማለትም ቀለሙን የሚያነጣው ነገር፣ ምላጩ ነው። ምላጭ ያረፈበት ነጭ ይወጣል። በመቀስ ብቻ የተከረከመው፣ ማለትም ደከም ያለ ማንጫ የነካው፣ ፈዛዛ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ያልተነካው ጥቁር ሰማያዊ። ሦስት መልክ ከአንድ ጸጉር! ምላጩ ካመለጠስ? አለቀ፤ ጸጉሩ እስኪያድግ ይጠበቃል፣ ጨርቁ ግን አያድግም።

ቀሪው ቶሎ ቶሎ ይሂድ፦ ማንጫው በእንጨት ማኅተም ይታተማል፤ ሞርዳንት፣ ማለትም ቀለምን ከክር የሚያያይዝ ማዕድን፣ በነጣው ቦታ ይታተማል፤ ቀዩ በአሊዛሪን፣ ቢጫው ዌልድ በሚባል ተክል ይመጣል። ቢጫ ፈዛዛው ሰማያዊ ላይ ሲያርፍ ቅጠሉ አረንጓዴ ይሆናል። ማኅተሙ ትንሽ ከተንሸራተተ የእንጆሪው ቅላት ከፍሬው ወጥቶ ቅጠሉ ላይ ይፈሳል።

ቆይ ግን፣ ጨው! ኮሜንቱን የሞላው ጨው ነው። «አዲስ ጨርቅ ጨው ውስጥ ከተዘፈዘፈ ቀለም አይለቅም» ትላላችሁ። ይለቃል፣ እናቶቼ! ኢንዲጎ በባሕርዩ ውኃ ውስጥ አይሟሟም። በማቅለሚያው ገንዳ ኦክስጅን ሲነጠቅ ብቻ ይሟሟና ክሩ ውስጥ ይገባል። ጨርቁ ከገንዳው ሲወጣ ቢጫ አረንጓዴ ነው፤ አየር ሲነካው ዓይናችሁ እያየ ሰማያዊ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ጨው ምን ይያዝ? የሚለቀው ክሩ ላይ ላዩን የቀረው ብናኝ ነው፤ እሱም በፍትጊያ ይወጣል። የጨው ወሬ ምንጭ አለው፦ አንዳንድ የጥጥ ቀለሞች ሲነከሩ፣ እዚያው ማቅለሚያው ውስጥ፣ ጨው ቀለሙን ከውኃው ወደ ክሩ ይገፋዋል። ነክረው ከጨረሱ በኋላ ግን ጨዉን ለወጡ ተዉለት። አዲሱን ፎጣ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሳትፈትጉ እጠቡ። ሰብስክራይብ ያላደረገ ካለ ፎጣው እስኪደርቅ ጊዜ አለው!

ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ ፎጣዎች ግን ነጭ ጨርቅ ላይ ከላይ የታተሙ ናቸው። ገልብጡት። ጀርባው ነጣ ካለ የላይ ኅትመት ነው፤ ስትተኩሱት በጀርባው በኩል ይሁን።

መሞከር ለምትፈልጉ፦ የጂንስ ቁራጭ፣ ብሩሽና በረኪና። ለነጭ አንድ እጅ በረኪና በአንድ እጅ ውኃ፤ ለፈዛዛ አንድ እጅ በአምስት። ብሩሹን ጨምቁት፤ ከራሰ የወፉ ክንፍ ይስፋፋና ዶሮ ይሆናል። መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ። ቀለሙ እንደነጣ ወዲያው በብዙ ውኃ አለቅልቁ፤ ከቆየ ጥጡን ይበላዋል። በረኪናውን አቆማለሁ ብላችሁ ኮምጣጤ እንዳትጨምሩ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከፋርማሲ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ገዝታችሁ፣ አንድ እጁን በአሥር እጅ ውኃ በጥብጣችሁ፣ የታጠበውን ጨርቅ ንከሩበት። ጨርቁ ፖሊስተር ከሆነ ግን አትድከሙ፤ በረኪና ንቅንቅ አያደርገውም።