ድልድዩን ለሠሪው መልሱለት

ይፍቱኝ አባቶቼ። እናቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ? አካም ጅርቱ? ልጆቼ የአስጎብኚነት ሠልጣኞች፣ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።

አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። ደብዳቤው ላይ «የሸለቆው መልክዓ ምድር፣ የዱር እንስሳትና ታሪክ» ይላል። ሃያ ደቂቃ! እኔ ይህን ርዕስ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ አልጨረስኩትም። እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ተማሪዎቼ ስለነበራችሁ አመሌን ታውቁታላችሁ። ደወል ከተደወለ በኋላ «አንድ ነገር ብቻ» ብዬ አሥር ደቂቃ የምበላ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን እውነትም የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው። እሱ ጋ እስክደርስ ታገሡኝ።

ከድንጋዩ ልጀምር። መልክዓ ምድር የሚያስተምር ሰው ከድንጋይ ካልጀመረ ያመዋል።

እዚህ ደብረ ሊባኖስ ገደሉ አፋፍ ላይ ስትቆሙ የረገጣችሁት ጥቁር ድንጋይ ነው። እሱ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ ዕድሜው ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ትንሽ ወረድ ስትሉ አሸዋ ድንጋይ ታገኛላችሁ። ከሱ በታች የደረቀ ጭቃ የመሰለ፣ ቀላ ያለ፣ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ድንጋይ አለ። ከዚያ በታች ወደ ጀማ ወንዝ ስትወርዱ ነጣ ያለው ገደል ይመጣል። እሱ የኖራ ድንጋይ ነው። የሸለቆው አጥንት እሱ ነው።

የኖራ ድንጋዩ ባሕር ነበር። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከደቡብ ምሥራቅ የገባ ባሕር ይህን አገር አልብሶት ነበር። በውስጡ የነበሩ የቀንድ አውጣና የዛጎል ዓይነቶች ሲሞቱ ቅርፊታቸው እየተደራረበ ድንጋይ ሆነ። ታች የሚያርሱ ወገኖቻችን ዛጎል የታተመበት ድንጋይ በማረሻ ያወጣሉ። አንዱ ተማሪዬ እንዲህ ያለ ድንጋይ ይዞልኝ መጥቶ «ቲቸር፣ የኖኅ ውሃ እዚህም ደርሷል» ብሎኛል። ውሃው ደርሷል አልኩት፤ ግን ኖኅ ገና አልተወለደም።

ባሕሩ ሲሸሽ ወንዞችና ጭቃ ተተኩ። ከዚያ ከቀላው ጭቃ ድንጋይ ውስጥ ተመራማሪዎች እዚሁ ጀማ ሸለቆ የዳይኖሰር ጥርስ አግኝተዋል። አይጥ የሚያካክሉ የጥንት አጥቢ እንስሳት ቅሪትም ተገኝቷል። ይህን ልጆቻችን ከስልክ ነው የሚሰሙት፤ ከኛ መስማት ነበረባቸው።

የኖራ ድንጋዩ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። የሙገርን ሲሚንቶ ፋብሪካ ታውቃላችሁ። አሁን ደግሞ ለሚ ላይ ትልቅ ሲሚንቶ ፋብሪካ ቆሟል። አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ባያችሁ ቁጥር ግማሹ የኛ ገደል ነው ብትሉ ብዙ አልዋሻችሁም። ሲሚንቶ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ይህንኑ ድንጋይ አቃጥለው ኖራ ያወጡ ነበር። ኖራውን ያዙልኝ። እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ።

በ1979 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ አርባ ተማሪ በጭነት መኪና ጭኜ ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ወዳለው የጉር ወንዝ ድልድይ ሄድኩ። ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ፤ ጸጉርም ነበረኝ። ልጆቹን ድልድዩ ላይ አሰለፍኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ ማስረዳት ጀመርኩ። «ይህ ድልድይ የፖርቱጋል ድልድይ ይባላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች የሠሩት ነው።» ልጆቹ ይጽፋሉ። እኔም እንደ ሊቅ እየተንጎራደድኩ ነው።

አንድ ሽማግሌ ከታች ከቆላው ሁለት አህያ ማሽላ ጭነው እየነዱ መጡ። እኛ መንገዱን ስለዘጋነው ቆሙ። ዱላቸውን ተመርኩዘው ያዳምጡኛል። አህዮቹም ያዳምጣሉ። ስጨርስ ጠሩኝ።

«መምህር፣ ማን ሠራው አልካቸው?»

«ፖርቱጋል፣ አባቴ።»

«ፖርቱጋል የማን ልጅ ነው?»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅሁ። የሰው ስም መስሏቸው ነው ብዬ አገር መሆኑን፣ ከባሕር ማዶ መሆኑን አስረዳኋቸው። ታግሠው ሰሙኝ። ከዚያ ምን አሉኝ መሰላችሁ?

«እንዴ፣ ይህ የዳርጌ ድልድይ ነው። አያቴ ኖራ በአህያ ከታች አመላልሶለታል። ያንተ ፖርቱጋል ስንት አህያ ነበረው?»

አህዮቻቸውን ነዱና ሄዱ። አንዱ ተማሪዬ «ቲቸር፣ የቱን እንጻፍ?» አለኝ። ልጆቼ፣ ዛሬ እናዘዛለሁ። «መጀመሪያ ያልኩህን ጻፍ» አልኩት።

ያ መልሴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ከዚያ በኋላም ለዓመታት ያንኑ አስተማርኩ። አዎ፣ አንተ ከኋላ የምትስቀው፣ ላንተም እንደዚያው አስተምሬሃለሁ። በኋላ መጻሕፍት ሳገላብጥ ሽማግሌው ያሉት ተጽፎ አገኘሁት። ድልድዩን ያሠሩት ራስ ዳርጌ ናቸው። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የአፄ ምኒልክ አጎት፣ ፍቼ ተቀምጠው ሰላሌን ያስተዳደሩት ራስ ዳርጌ። ዘመኑም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው።

እስቲ እናስላው። የፖርቱጋሉ አዛዥ የክሪስቶፎር ዳ ጋማ 400 ወታደሮች የመጡት በ1541 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እሱ ራሱ በዓመቱ ተገደለ። የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን አፄ ፋሲል በ1630ዎቹ አባረሯቸው። ራስ ዳርጌ ያረፉት በ1900 ነው። በመሀል ከ250 ዓመት በላይ አለ! ጢስ ዓባይ አጠገብ ስላለው የዓለታ ድልድይ ቢወራ እሺ፤ እሱ የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው፣ ፈረንጆቹም አገር ውስጥ ነበሩ። የኛውን ምን አገናኘው? ቅስት ስላለው? ስላማረ? አዎ፣ ስላማረ ነው። የኛ እጅ የሠራው ነገር ከጠመመ የኛ ነው፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ፈረንጅ ሠራው እንላለን። ማንም አላስገደደንም። ራሳችን ነን የሰጠናቸው።

የሰጎን እንቁላልም አለ። ኖራው በሰጎን እንቁላል ቅርፊት ተለውሶ ነው ይባላል። ይባል፤ ወሬው ደስ ይላል፣ ቱሪስቱም ይወደዋል። እኔ ግን እጠይቃለሁ። ይህን ሁሉ ድንጋይ የሚያጣብቅ የሰጎን እንቁላል ከየት መጣ? ሰላሌ ላይ ሰጎን ያየ እጁን ያውጣ። ሸለቆ ሙሉ ኖራ ከእግራቸው ስር እያለ ሰዎቹ ሰጎን ሲያባርሩ ይውላሉ?

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። ቅድም የዘረዘርኳቸው ድንጋዮች በሳይንስ ስም አላቸው። ጥቁሩ ስር ያለው አሸዋ ድንጋይ «የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ» ይባላል። ጥርስ የተገኘበት ጭቃ ድንጋይ «የሙገር ጭቃ ድንጋይ» ነው። ከኖራው በታች ያለው ጄሶ ያዘለ ድርድር ስሙ «ጎሃ ጽዮን» ነው። የኖራ ድንጋዩም ቢሆን ስሙን ያገኘው ከመቀሌ በስተደቡብ ካለው ከአንታሎ ነው። የጀርመንም ሆነ የጃፓን ጂኦሎጂስት ስለዚህ ሸለቆ ሲጽፍ እነዚህን ስሞች ይጠራል። እነሱ ለድንጋያችን የኛን ስም ሰጡ። እኛ ለድልድያችን የነሱን ስም ሰጠን!

ስለዚህ ሠልጣኞች፣ የምስክር ወረቀታችሁን ከመቀበላችሁ በፊት አንድ ነገር ቃል ግቡልኝ። «ፖርቱጋል ድልድይ የቱ ነው?» ብሎ የመጣን እንግዳ አትሳደቡት፤ ካርታው እንደዚያ ይላል። ውሰዱት፣ ድንጋዩን አስነኩት፣ ከዚያ «የራስ ዳርጌ ድልድይ ነው» በሉት። መንገድ ዳር ያለውን ታፔላም ቀይሩት። በጀት የለም እንዳትሉኝ። ለአንድ ቆርቆሮና ለአንድ ጣሳ ቀለም የሚሆን ገንዘብ እኔ ከጡረታዬ እከፍላለሁ፤ ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ።

እንስሳቱ ቀሩኝ። ሰዓቴም እያለቀ ነው መሰለኝ፣ አስተባባሪዋ እጇን እያየች ነው።

ጭላዳን ለናንተ ማስተዋወቅ ነውር ነው። ግማሻችን ያደግነው እሱን ከገብስ ማሳ ስናባርር ነው። እኔ በወንጭፍ አንድም ቀን መትቼው አላውቅም፤ እሱ ግን ገብሳችንን በደንብ መትቶታል። ብቻ ቱሪስት ስታስጎበኙ ይህን አትርሱ። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የሚኖርበት አገር የለም። ሣር በል ነው። ማታ ነብርና ጅብ ሲፈራ ገደሉ ላይ ያድራል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ወደ ላይ ይወጣና ቁጭ ብሎ ሲግጥ ይውላል። ቁጭ ብሎ ነው! ከሣር ወደ ሣር የሚሄደው እንኳ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ነው። አያቶቻችን «ዝንጀሮ መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች» ያሉት እንዲያው ለተረት አልነበረም። ቀይ ምልክቱም ደረቱ ላይ የሆነው ለዚህ ነው ይላሉ ያጠኑት፤ ሌሎች ዝንጀሮዎች ከኋላ የሚያሳዩትን እሱ ተቀምጦበት ይውላልና። ይህን ለፈረንጅ ስትነግሩት ይስቃል፣ አይረሳውምም። ሙዝና ብስኩት ግን እንዳይሰጡት ከልክሉ። ብስኩት የለመደ ጭላዳ ነገ ቤታችሁ ይገባል።

ደብረ ሊባኖስ ጫካ ውስጥ ጉሬዛ አለ፤ ያለውም ገዳሙ ዛፉን ስለጠበቀ ነው። አባቶች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ገደሉ ላይ ሰስና ሽኮኮ አለ። አጥንት ይዞ ወደ ላይ ወጥቶ ድንጋይ ላይ የሚጥለውን ትልቁን አሞራ ልጅ ሆነን ስንት ጊዜ ተንጋለን አይተነዋል። አንድ ቆቅ ደግሞ አለች፣ መኖሪያዋ ጀማና በአቅራቢያው ያሉት የዓባይ ገባር ሸለቆዎች ብቻ ናቸው። ወፍ የሚያዩ ሰዎች ለሷ ብለው አውሮፕላን ተሳፍረው ይመጣሉ። በ1899 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የተመዘገበችው ሀርውድ በሚባል ፈረንጅ ስም ነው። እሷንስ ተዋት፣ መጀመሪያ ጽፈው ያስመዘገቧት እነሱ ናቸው። ድልድዩን ግን የመዘገበው የሽማግሌው አያት ጀርባ ነው።

ስለ ታሪክ ብዙ አልልም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ገደል መርጠው መጡ። ቦታው ያኔ ደብረ አስቦ ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ ያሉት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። እጨጌዎቹ ከዚህ ሆነው የአገሩን መነኮሳት መርተዋል። ይህን አባቶች ፊት ቆሜ ባስረዳ ይስቁብኛል።

አንዱን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ግንቦት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ የአባታችን ፍልሰተ ዐፅም በዓል ቀን፣ የግራዚያኒ ወታደሮች መነኮሳቱን ከበዓሉ አፍሰው በማግስቱ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ቦታ ወስደው ረሸኑ። ጣሊያኖቹ ራሳቸው የመዘገቡት 297 መነኩሴ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ደብረ ብርሃን አጠገብ 129 ዲያቆናት ጨመሩ። በኋላ ቦታው ድረስ ሄደው ያጠኑ ሰዎች የሞቱት ከ1,400 እንደማያንሱ ጽፈዋል። እንግዶቻችሁ ገዳሙን ያያሉ፣ የአፈወርቅ ተክሌን ባለ ቀለም መስታወት ፎቶ ያነሳሉ፣ ምሳቸውን በልተው ይሄዳሉ። ላጋ ወልዴ የሚወስዳቸው የለም። በጉብኝት መስመራችሁ ውስጥ ይግባ። እዚያ ስትደርሱ ብዙ አታውሩ። ቁጥሩን ንገሯቸውና ዝም በሉ።

ሃያው ደቂቃ አልፏል፤ ደወሉንም ሰምቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ።

ነገ የተግባር ጉብኝታችሁ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ድልድዩ ላይ እንገናኝ። ወደ ኖራ ድንጋዩ የምትወርዱ ውሃና ባርኔጣ ያዙ፤ ታች ቆላ ነው፣ ያቃጥላል። ዛጎል ያለበት ድንጋይ ብታገኙ አይታችሁ እዚያው መልሱት። የኔ ጉልበት መውረዱን አይችለውም፤ ድልድዩ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃችኋለሁ። ቀለሙንም ብሩሹንም ይዣለሁ። የእጅ ጽሑፉ የሚያምር አንድ ሰው ከናንተ መሀል ይቅርልኝ።