አንድሮሜዳ፦ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ስም

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣላችሁ አንድ የሴት ልጅ ስም ነው። ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ልትወልድ ሁለት ወር ሲቀራት ደውላ፣ «ሴት ከሆነች አንድሮሜዳ ልላት አስቤአለሁ፤ ምን ይመስልሃል?» ባለችኝ ዕለት ነው። የስልኩን ድምፅ ከፍቼው ስለነበር አጠገቤ ተቀምጣ ቡና ትቆላ የነበረችው እናታችን ሰማች። ስሙን ሁለት ጊዜ ለራሷ ደገመችው፤ ከዚያም ቀና ብላ፣ «ሜዳው ተሰማኝ፤ ትርጉሙ ግን ምንድን ነው?» አለች።

ከሐዘን በኋላ የተወለደውን ካሳ ወይም ምትኩ ብለን የምንጠራ፣ ስምን እንደ ዓረፍተ ነገር የምናነብ ሰዎች ነንና፣ ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። እኔም በዚያን ቀን መልስ ስላልነበረኝ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት በዚህ ስም ላይ አሳለፍኩ።

ስሙ ከሁለት የግሪክኛ ቃላት የተገጠመ ነው። የመጀመሪያው «አንድሮስ» ሲሆን የወንድ ወይም የባል ማለት ነው፤ ይህን ሥር እኛም ሳናውቀው በቤታችን ስንጠራው ኖረናል፤ እንድርያስ ከእሱ የወጣ ነው፣ እስክንድር በሚለው ስም መጨረሻ ላይም ተቀምጦ «ወንዶችን የሚከላከል» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ሁለተኛው ክፍል መግዛትና መጠበቅ ከሚል፣ እንዲሁም በልብ ማሰብ ከሚል ግስ የመጣ ነው። ስለዚህ አንዳንዶች «ባሏን የምታስብ» ብለው ይፈቱታል፣ ሌሎች ደግሞ «ወንዶችን የምትገዛ» ይሉታል። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ የሺመቤት የሚል ስም ያለው ሕዝብ ለዚህ ፍቺ ጆሮው ባዕድ አይሆንም። ይበልጥ የገረመኝ ግን፣ ፀጉሯ እባብ የሆነችው ሜዱሳ ስሟ ከዚያው የመግዛት ግስ መውጣቱ ነው፤ አንዷን የገደለው ጀግና ሌላዋን ያዳነው ያው ሰው ነውና፣ በሁለቱ ሴቶች ስም ውስጥ አንድ ቃል ተደብቆ ይኖራል።

በግሪኮች ተረት ውስጥ ታሪኳ እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ ንጉሥ ኬፌዎስ ካሲዮፔያ የምትባል ንግሥት ነበረችው። ንግሥቲቱ በውበት ከባሕር ደናግል እበልጣለሁ ብላ በመመካቷ የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቆጥቶ በአገሪቱ ላይ ጎርፍና አውሬ ሰደደ፤ መፍትሔ የተጠየቀውም የግብፁ አምላክ የአሞን ንግርት ልጃቸው አንድሮሜዳ ለአውሬው ትሰጥ ብሎ መለሰ። እናት በተናገረችው ልጅ ታሰረች። ጀግናው ፔርሴዎስ የሜዱሳን ራስ ቆርጦ ሲመለስ ከዐለት ጋር ተጠፍራ አገኛት፤ አውሬውን ገደለ፣ አገባትም። የልጅ ልጃቸው አልክሜኔ ሄራክሊስን ወለደችና፣ የግሪኮች ታላቅ ጀግና ቅድመ አያት ይህች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ ግን ከ2,000 ዓመት በፊት የኖረው ሮማዊ ባለቅኔ ኦቪድ የሣለው አንድ ቅጽበት ነው። ነፋሱ ፀጉሯን ባያነቃንቀው፣ ዐይኗም ባያነባ ኖሮ ፔርሴዎስ ከዕብነ በረድ የተቀረጸች መስላው ነበር ይላል። ጠጋ ብሎ ስሟንና ለምን እንደታሰረች ይጠይቃታል። እሷ በመጀመሪያ ዝም አለች፤ እጇ ባይታሰር ኖሮ ፊቷን በመሸፈን ኀፍረቷን ትገልጥ ነበር፤ የቀረላት እንባ ብቻ ስለነበር ዐይኗ በእንባ ሞላ። አጥብቆ ሲጠይቃት ግን፣ የራሷን በደል የደበቀች እንዳይመስልባት ብላ፣ የአገሯን ስምና የራሷን ስም ተናገረች። ይህን ካነበብኩ በኋላ በሰንሰለት የታሰረች ሴት «ወንዶችን የምትገዛ» መባሏ ተቃርኖ ሆኖ አልታየኝም።

የትኛዋ ኢትዮጵያ ናት የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ለግሪኮች ኢትዮጵያ ማለት ፊታቸውን ፀሐይ ያጠቆራቸው ሰዎች አገር ነበረች፤ አብዛኛውን ጊዜም ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የኩሽን ምድር ያመለክቱበት ነበር። ታሪኩን ወደ ኢዮጴ፣ ማለትም ነቢዩ ዮናስ መርከብ ወደተሳፈረበት ወደብ የወሰዱትም አሉ፤ አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ፍላቪዮስ በ1ኛው መቶ ዘመን የሰንሰለቷ ምልክት በዚያ እንደሚታይ ጽፏል። ስለዚህ አንድሮሜዳ በዛሬው ካርታችን ውስጥ ተወልዳለች ብዬ አልሟገትም። ነገር ግን የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ባስቀረጸው ድንጋይ ላይ በግዕዙ ሐበሻ የተባለው በግሪክኛው ኢትዮጵያ ተብሏል፤ «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» የሚለውም ከግሪክኛው መጽሐፍ ወደ ግዕዝ የገባ ነው። ስሙን ከተቀበልን፣ ከስሙ ጋር የመጣችውን ልጅ አናውቃትም ማለት ይከብደኛል።

መልኳ ሲነሣ ግን አዝናለሁ። ኦቪድ በሌላ ግጥሙ በአገሯ ቀለም የጠቆረች መሆኗን፣ ፔርሴዎስም ከነጥቁረቷ እንደወደዳት በግልጽ ጽፏል። ከእሱ በኋላ የመጣው የግሪክ ጸሐፊ ሄሊዮዶሮስ ደግሞ የኢትዮጵያ ንግሥት የአንድሮሜዳን ሥዕል እያየች ስለፀነሰች ነጭ ልጅ ወለደች ብሎ ተረከ፤ በሥዕሉ ላይ ያለችው አንድሮሜዳ ያን ጊዜም ነጭ ነበረች ማለት ነው። ቲሲያንና ሬምብራንት ሲሥሏትም እንዲሁ ነጭ ናት። አገሯን ተናግራ የታወቀችን ሴት አገሯ ከፊቷ ላይ እንዲጠፋ ማድረግ ለእኔ ሁለተኛ እስር ነው።

እህቴን ያሠጋት ሌላ ነገር ነበር፤ ስሙ እጅግ ብርቅ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በየዓመቱ በሚያወጣው የስሞች ዝርዝር ከዚያው ከግሪክ ተረት የመጣችው ፔኔሎፔ ከቀዳሚዎቹ 50 የሴት ስሞች ውስጥ ስትገኝ፣ አንድሮሜዳ ግን በ1,000ዎቹ ውስጥ እንኳ የለችም። ምክንያቱ የስሙ መርዘም ብቻ አይመስለኝም፤ ሰው ስሙን ሲሰማ በቅድሚያ የሚታሰበው በዚሁ ስም የሚጠራው ጋላክሲ፣ ማለትም በሰማይ ያለው ግዙፍ የከዋክብት ክምችት ነው።

ይህም ቢሆን ለእኔ ነቀፋ አይደለም። መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ በጥቅምትና በኅዳር ምሽት ከከተማ መብራት ርቃችሁ ወደ ሰሜን ብትመለከቱ፣ በስማቸው የተጠሩት የኮከብ ስብስቦች፣ በአምስት ኮከቦች የምትታወቀው እናቷ ካሲዮፔያ፣ አባቷ ኬፌዎስ፣ እሷም በአንድነት ይታያሉ። በእሷ ኮከቦች መካከል ያለችው ደብዛዛ ጭጋግ ከእኛ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የምትርቅ ጋላክሲ ናት። እ.ኤ.አ. በ1923 ኤድዊን ሐብል እኛ ካለንበት ጋላክሲ ከፍኖተ ሐሊብ ውጪ መሆኗን ያረጋገጠው ብርሃኑ በተወሰነ ጊዜ በሚጨምርና በሚቀንስ ኮከብ አማካኝነት ነበር፤ ይህ ዓይነት ኮከብ በሳይንስ የሚጠራው በአባቷ በኬፌዎስ ስም ነው። የልጅቱ ርቀት የተለካው በአባቷ ኮከብ ነው።

ይህን ሁሉ አንድ እሑድ ለእናታችን ነገርኳት። ስለ ጋላክሲው ብዙም አልጠየቀችኝም። ዐለቱ ዘንድ የሆነውን ግን እንድደግምላት አደረገችኝ፤ ሲኒውን አስቀምጣ ካዳመጠች በኋላ፣ «ስሟን ነው ወይስ አገሯን ያስቀደመችው?» ብላ ጠየቀች።

«አገሯን» አልኳት።

«እንግዲያው ለእህትህ ደውልላትና እናቴ መርቃለች በላት» አለችኝ።