የአባ ኮዳ እግር

ሚሚ፦ ሰላም ሰላም! ከሐዋሳ ነን፣ እንደ ሁሌም። የዛሬው ርዕሳችን ቁርጭምጭሚት ነው። ከወለምታ በኋላ ጥንካሬው እንዴት ይለካል? መቼ ነው ወደ ሜዳ መመለስ የሚቻለው? አቡሽ...

አቡሽ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ስለ አባ ኮዳው ላውራ።

ሚሚ፦ ጀመረ! (ሳቅ)

አቡሽ፦ ከርዕሱ ጋር ይገናኛል ስልሽ። ቅዳሜ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሳ ገበያ፣ የዓሳ ሾርባ አዝዤ ቁጭ ብያለሁ። አንዱ አባ ኮዳ፣ ያ ረጅም እግር ያለው ትልቁ ወፍ፣ አጠገቤ በአንድ እግሩ ቆሟል። ሾርባው እስኪመጣ ንቅንቅ የለም! የዓሳ አንጀት ሲወረወርለት እንኳ አንገቱን ብቻ ነው የላከው። እኔ ደግሞ ከሁለት ወር በፊት በግራ እግሬ አስር ሰከንድ መቆም አቅቶኝ ነበር።

ሚሚ፦ የታቦር ተራራው ጉድ ነዋ።

አቡሽ፦ አዎ። ደግሞ ስወርድ ነው። ስወጣ ቢሆን እንኳ ለወሬ ያምር ነበር። ልቅ ድንጋይ ረገጥኩ፣ እግሬ ወደ ውስጥ ታጠፈ፣ ቀጭ! በባጃጅ ቤት ገባሁ። እማዬ ቅቤ ይዛ ጠበቀችኝ።

ሚሚ፦ የአፍ ወለምታ ነው በቅቤ የማይታሸው። የእግሩ ይታሻል።

አቡሽ፦ ያንቺን አፍ ምን እናድርገው? ባለፈው ሳምንት የሐዋሳ ሐይቅ ከአባያ ይበልጣል ብለሽ...

ሚሚ፦ ኧረ ተወኝ! ስንቴ ይቅርታ ልጠይቅ? በውበት ለማለት ነው።

አቡሽ፦ እሺ። ብቻ ወጌሻው ጋ ሄድኩ። አሸኝ። እንባዬ መጣ። በሦስት ሳምንት ሕመሙ ጠፋ። ዳንኩ ብዬ ኳስ ገባሁ። አንድ ዞር ስል ያው እግር፣ ያው ቀጭ።

ሚሚ፦ ወጌሻውን ልታማ ነው? የኛ ሰፈር ወጌሻ ስንቱን አቁመዋል።

አቡሽ፦ አላማም። ግን በመጀመሪያው ቀን፣ እግሩ አብጦ እያለ፣ እንደዚያ አጥብቆ ማሸት ጥሩ አይደለም። ደግሞ አጥንት ተሰብሮ ቢሆንስ? በ1992 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ የወጣ መመሪያ አለ። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተሽ፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት የኋላ ጠርዙ ሲጫኑት ካመመሽ፣ ራጅ ተነሺ ነው የሚለው።

ሚሚ፦ ጎበዝ ወጌሻም ስብራትን በእጁ ይለያል።

አቡሽ፦ አንዳንዱ።

ሚሚ፦ ብዙው።

አቡሽ፦ እሺ፣ ይሁንልሽ። ከሁለተኛው በኋላ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሄድኩ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ፣ «ጥንካሬው ተለክቶ ነው ኳስ የገባኸው?» የእግር ጥንካሬ እንደሚለካ መቼ አውቄ!

ሚሚ፦ በምንድነው የሚለካው? በሚዛን?

አቡሽ፦ ሊባል ይችላል። በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ መሣሪያ ናት፣ ዳይናሞሜትር ትባላለች። በእግሬ የውጪ ጎን፣ ከትንሿ ጣቴ ዝቅ አድርጋ አስደገፈችና «ወደ ውጪ ግፋ» አለችኝ። ገፋሁ። እሷ ፍንክች አላለችም። ቀኙ 20 ኪሎ፣ የተጎዳው ግራ 13።

ሚሚ፦ 65 በመቶ።

አቡሽ፦ ሒሳብ ላይስ አፍሽ አይወለምም! አየሽ፣ እግር ወደ ውስጥ ሊታጠፍ ሲል ወደ ውጪ የሚመልሱት ከባት በውጪ በኩል የሚወርዱት ጡንቻዎች ናቸው። የእኔ ጅማቱ ተጎድቷል፣ እነሱም ደክመዋል። ሕመሙ መጥፋቱ ነው የሸወደኝ።

ሚሚ፦ ባቱንስ በዚያችው መሣሪያ ለካችው?

አቡሽ፦ አልለካችውም። ባት የሰውነት ሙሉ ክብደት ተሸካሚ ነው፣ የሰው ክንድ አይችለውም። ወደ ግድግዳ አዞረችኝ። በጣቶቼ ጫፍ ግድግዳውን ነካሁ፣ በአንድ እግሬ ቆሜ ተረከዜን ከፍ ዝቅ። እሷ ትቆጥራለች። 25 የተለመደ ግብ ነው፣ በዕድሜ ይለያያል እንጂ። በቀኙ 24። በግራው 11 ላይ ተረከዜ ከመሬት አልላቀቅ አለ። አላመመኝም! እምቢ አለ እንጂ።

ሚሚ፦ ከግማሽ በታች። ታዲያ ስንት ሲደርስ ነው ኳስ?

አቡሽ፦ ብዙ ባለሙያዎች የደኅናውን እግር 90 በመቶ ይላሉ።

ሚሚ፦ ይሄ ግን አይዋጥልኝም። ሁለት ወር ቁጭ ስትል ቀኙም ይደክማል። ደካማ ከደካማ ጋር ብታወዳድረው 100 በመቶም ይመጣል እኮ!

አቡሽ፦ እ... እሱ እውነት ነው። ለዚህ መሰለኝ በአንድ እግር መዝለል፣ ሚዛን መጠበቅ፣ ሮጦ ድንገት መዞር የጨመረችው። ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም አለችኝ።

ሚሚ፦ ካልበቃ ለምን ይለካል?

አቡሽ፦ ካልተለካማ እንደኔ ነው፣ በግምት! ለማንኛውም አሁን ግራዬ ተረከዝ በማንሳቱ 21 ደርሷል። አንቺስ? ተነሺ እስቲ።

ሚሚ፦ አሁን? እየቀዳን?

አቡሽ፦ ግድግዳውን ያዢ። ጉልበት ሳይታጠፍ። አንድ... ሁለት... ማታለል የለም፣ ተረከዝ ከፍ! ... አስራ አምስት... አስራ ስድስት...

ሚሚ፦ ወይኔ ባቴ! በቃኝ!

አቡሽ፦ አስራ ሰባት። ወለም ብሎሽ ሳያውቅ? ሌላኛውን እግር።

ሚሚ፦ ሌላኛውን ከሾርባ በኋላ። አንተ ትከፍላለህ።

አቡሽ፦ አባ ኮዳው ይቁጠርልሽ እንግዲህ።