የባዶ እግር ጫማ በጣና ዳር፦ ባትና ተረከዝ ሳይጎዱ እንዴት ይጀመራል?

ጌትነት፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ የምናወራው ስለ ባዶ እግር ጫማ ነው፤ ሶሉ ስስ፣ ተረከዙና ፊቱ እኩል ስለሆነው። ሰላም፣ ብዙ ሰው "ታዲያ ለምን ጭራሽ ጫማ አውልቄ አልሮጥም?" ይላል።

ሰላም፦ አዎ፣ አበበ ቢቂላንም ይጠቅሳሉ። በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ገብቶ ክብረ ወሰን ሰብሯል። ግን በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2:12:11 ገባ፤ ይሄኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ጌትነት፦ እኛ አገር ደግሞ የአፈሩ ጉዳይ አለ። በደጋና በወይና ደጋ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ያለ ጫማ መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን፣ እግር የሚያሳብጠውን በሽታ ያመጣል። እርጥብ አፈር ውስጥ በእግር ቆዳ የሚገባ የመንጠቆ ትል ይኖራል። ጣና ላይ ቢልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ አለ፤ ትሉን የሚያራቡት ቀንድ አውጣዎች ደንገልና ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ስለሚኖሩ፣ ሮጣችሁ ስትጨርሱ እግራችሁን ሐይቁ ውስጥ እንዳትነክሩ።

ሰላም፦ ስለዚህ ቆዳው ይሸፈን፣ እግሩ ግን ይሥራ። የተለመደው የሩጫ ጫማ ተረከዙ ከፊቱ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። የባዶ እግር ጫማ ልዩነቱ ዜሮ ነው። ስትገዙ በእጃችሁ ጠቅልሉት፤ እምቢ ካለ ሶሉ ደረቅ ነው። የውስጥ ንጣፉን አውጡና ቁሙበት። ጣቶቻችሁ ከጠርዙ ካለፉ ጠባብ ነው፣ ተዉት።

ጌትነት፦ ውፍረቱስ? እኔ ለጀማሪ 3 ሚሊሜትሩን አልመክርም። በኮብልስቶን ላይ የድንጋዩ ጠርዝ ውስጥ እግርን ይወጋል። ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ይሻላል።

ሰላም፦ እስማማለሁ። አሁን ዋናው ነገር፣ ሰው የሚጎዳበት። ተረከዝ ዝቅ ሲል የተረከዝ ጅማት የበለጠ ይሳባል፣ ባት የበለጠ ይሠራል። ጡንቻ በሳምንታት ይለምዳል፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ሰውየው ትንፋሹ ስለሚበቃው በመጀመሪያው ቀን 8 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ የመሀል እግሩ አጥንት ላይ ስንጥቅ ይጀምራል።

ጌትነት፦ ታዲያ እንዴት ይሂድበት?

ሰላም፦ ሁለት ሳምንት መራመድ ብቻ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት። ከዚያ አንድ ቀን እየዘለሉ አምስት አምስት ደቂቃ መሮጥ፤ የቀረውን በድሮው ጫማ። ሕመም ከሌለ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይጨመራል። ጎን ለጎን ደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሞ ተረከዝን ማንሳትና ቀስ ብሎ ማውረድ፤ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ግማሹን ጉልበት አጠፍ አድርጎ።

ጌትነት፦ አረጋገጥስ ላይ ስህተት አያለሁ፤ ጠዋት በሐይቁ ዳር በጣታቸው ጫፍ የሚሮጡ አሉ።

ሰላም፦ እሱ ባትን ይገድላል! በእግር ፊተኛው ክፍል ወይም በመሀሉ አርፎ፣ ከዚያ ተረከዝም መሬት ይንካ። እርምጃ ይጠር፤ እግር ከጉልበት ሥር ይረፍ እንጂ ወደ ፊት አይወርወር። በአንድ ደቂቃ የምትረግጡትን ቁጠሩ፤ 160 ከሆነ ወደ 170 ማሳደግ በቂ ነው።

ጌትነት፦ መሬቱን በተመለከተ፣ ሣር ይሻላል የሚለውን አልቀበልም። እሾህና ጠርሙስ ስባሪ ይደብቃል፤ ልስላሴውም ጠንክሮ መርገጥን ይሸፍናል። ማለዳ ላይ ለጥ ያለ አስፋልት ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ኮቴያችሁ ጧ ጧ ካለ በኃይል እየረገጣችሁ ነው። ባሕር ዳር ያለውን የቤዛዊትን ዳገት ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ተዉት፤ ሽቅቡ የተረከዝ ጅማትን ይስባል፣ ቁልቁለቱ ደግሞ የእግር ፊትን ይመታል።

ሰላም፦ ሕመሙንም እንለይ። ሁለቱም ባቶች ለሁለት ቀን ቢዝሉ ችግር የለውም። የእግር ላይኛው ክፍል በጣት ሲጫኑት አንድ ቦታ ብቻ ካመመ ግን ሩጫ ይቁም፣ ሐኪም ይይ። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ተረከዝ ሥር የሚወጋ ከሆነም ወደ ድሮው ጫማ መመለስ ነው። ስኳር ኖሮበት እግሩ የሚደነዝዝ ሰው ጭራሽ አይሞክረው፤ ቁስሉ ሳይሰማው ይቀራል።

ጌትነት፦ የድሮውን ጫማም አትጣሉ፤ የእሁዱን ረጅም ሩጫ ቢያንስ ለስድስት ወር በእሱ ሩጡ።