ልጁ ያቀረሻል፤ ልቡስ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለሚያቀረሹ ጨቅላዎችና ስለ መድኃኒታቸው ላወራችሁ ነው። እህቴ አራት ኪሎ አራስ ቤት ናት። ልጁ ጠግቦ ሲያገሳ የጠባው ወተት ነጠላዋ ላይ ይፈስሳል፤ ሊጠይቃት የመጣ ሁሉ ደግሞ "ኧረ መድኃኒት ይሰጠው!" ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ሲሳፕራይድ የሚባል መድኃኒት ነበር። ጨጓራ ቶሎ እንዲራገፍ ስለሚያደርግ ለሚያቀረሹ ሕፃናት በብዛት ይታዘዝ ነበር። አሜሪካ በፈረንጆቹ 1993 ተፈቀደ፣ በ2000 ከገበያ ወጣ። ምክንያቱ ልብ ነው። ልብ አንዴ ከመታች በኋላ ለሚቀጥለው ምት እንድትዘጋጅ ፖታሲየም ከሴሎቿ መውጣት አለበት፤ መድኃኒቱ ግን መውጫውን ይዘጋል። ያኔ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ምርመራ) ላይ ኪውቲ የሚባለው ርቀት፣ ማለትም ልብ መትታ ለሚቀጥለው ምት እስክትዘጋጅ የሚፈጀው ጊዜ፣ ይረዝማል። ሲብስ ምቱ ይዘበራረቃል፣ ልብ በድንገት ልትቆምም ትችላለች።

አራስ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። መድኃኒቱን የሚያጣራው የጉበት ኢንዛይም ገና አልጠነከረም፣ ያለጊዜው በተወለደ ልጅ ላይማ ይብሳል። በዚያ ላይ ኤሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ወይም ለፈንገስ የሚሰጠው ፍሉኮናዞል ከታዘዘ ያንኑ ኢንዛይም ስለሚያግዱት መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይከማቻል። ለየብቻ ሲታዩ ምንም የማይመስሉ ሁለት ሽሮፖች፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ለዚያች ትንሽ ልብ አደጋ ናቸው!

"እሱማ ቀርቷል" እንዳትሉኝ። እንደ ሲሳፕራይድ ጨጓራ ቶሎ እንዲራገፍ የሚያደርገው ዶምፐሪዶን ዛሬም በብዙ አገር አለ፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2014 በዚሁ በልብ ጉዳይ መጠኑንም የሚወሰድበትንም ጊዜ አሳጥሯል።

ባይ ነኝ፣ ልጁ ክብደት እየጨመረ፣ እየሳቀ፣ ደህና እየጠባ ከሆነ ማቅረሹ ብቻውን በሽታ አይደለም። አራት ወር አካባቢ ይበረታል፣ ዓመት ሲሞላው አብዛኛው ይተወዋል። ከጠባ በኋላ ቀና አድርጎ መያዝ፣ ማስገሳት፣ በትንሽ በትንሹ ማጥባት፤ ሲተኛ ግን ሁሌም በጀርባው። አረንጓዴ ወይም ደም ያለው ትውከት ካያችሁ፣ ወተቱ ርቆ የሚወረወር ከሆነ፣ ክብደቱ ካልጨመረ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት።

መድኃኒት ከታዘዘ ሐኪሙን ጠይቁት፣ አትፈሩ። ልብን ይነካል ወይ? ኢሲጂ ያስፈልገዋል? በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለም ሳትጠየቁ ንገሩት። ፒያሳም ሆነ ሌላ ቦታ ፋርማሲ ስትገቡ ልጁ የሚወስደውን ሁሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ። የጀመረውን ደግሞ ሐኪሙን ሳታማክሩ አታቋርጡበት።