የድሬዳዋ ሳሎን እና የሐረር ቤት፦ ክፍል ድምፅን እንዴት ይለውጣል?

[ምስል፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ዕቃ ያልገባበት ሳሎን። ተራኪው መሀል ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ያጨበጭባል።]

ሰማችሁት? ከእጄ የወጣው ድምፅ አጭር ነበር፤ ተከትሎት የመጣው ሁሉ የክፍሉ ነው። ግድግዳው ተለስኖ ቀለም የተቀባ ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ሶሌታ ነው። እዚህ የሚገባ ድምፅ ማጉያ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ዘፈኑን ከዚህ ትርፍ ድምፅ ጋር ቀላቅሎ ያሰማችኋል።

ብዙ ሰው ግጥሙ አልለይ ሲለው፣ ቤዙ (ጎርናናው ድምፅ) ሲያጓራበት፣ በዕቃው ያሳብብና ትልቅ ድምፅ ማጉያ ይገዛል። ይህን ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል። ትልቁ ዕቃ ያንኑ ችግር በበለጠ ጉልበት ያመጣዋል እንጂ አያስወግደውም። ተቀምጣችሁ ከምትሰሙት ድምፅ በቀጥታ ወደ ጆሯችሁ የሚደርሰው ከፊሉ ብቻ ነው፤ ሌላው ግድግዳ፣ ወለልና ጣሪያ መትቶ የተመለሰ ነው።

ነገሩን መጀመሪያ በቁጥር የያዘው ዋላስ ሳቢን የተባለ የሃርቫርድ ፊዚክስ መምህር ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. ንግግር የማይሰማበትን የዩኒቨርሲቲውን አዲስ አዳራሽ እንዲያስተካክል ተጠየቀ። በዚያ አዳራሽ አንድ ድምፅ ከአምስት ሰከንድ በላይ ይንሳፈፍ ነበር። ሳቢን ሌሊት ሌሊት ከሌላ ቲያትር የመቀመጫ ትራሶች እያስመጣ፣ የኦርጋን ቧንቧ እያስጮኸ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ያለውን ጊዜ ይለካ ነበር። መለኪያው ያደረገው ክፍት መስኮትን ነው፤ በመስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና።

ክፍት መስኮት! ለድሬዳዋ ሰው ከዚህ የቀረበ መለኪያ ከየት ይገኛል? ሙቀቱ መስኮቱንም በሩንም ያስከፍተናል። እስቲ እናስላው። አምስት ሜትር በአራት፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር የሆነ ሳሎን 60 ሜትር ኩብ ይይዛል። ሁሉም ገጽ ጠንካራ ከሆነና ከሚነካው ድምፅ ከመቶ ሁለት እጁን ብቻ ከዋጠ፣ የክፍሉን ይዞታ ገጾቹ ከሚውጡት ጋር በሚያነጻጽረው በሳቢን ቀመር ድምፁ እስኪሞት አምስት ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ጎንና ጎኑ 1 ሜትር ከ20 የሆኑ ሁለት መስኮቶችንና አንድ በር ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፤ ወደ አንድ ሰከንድ ተኩል ይወርዳል። ምንም አልገዛችሁም። ለሙዚቃ ግን ግማሽ ሰከንድ አካባቢ ብንደርስ ነው የምንመርጠው፤ የቀረውን ሶፋ፣ ምንጣፍ፣ እጥፋቱ የበዛ ወፍራም መጋረጃና የተቀመጠው ሰው ራሱ ይሞሉታል። ፍራሽና ትራስ የተደረደረበት የበርጫ ክፍል ከሳሎኑ ይልቅ ለጆሮ ረጋ የሚለውም ለዚህ ነው።

[ምስል፦ ሐረር፣ ጁገል። የሐረሪ ቤት ውስጥ፤ ካሜራው ከወለሉ ተነሥቶ በመደቦቹ ላይ ወደ ግድግዳው ያልፋል።]

አሁን ወደ ሐረር ወጥተናል። እዚህ አጨብጭቡ፤ ድምፁ ብዙም ሳይቆይ ይበርዳል፤ ግን አይታፈንም። ይህ ቤት ለድምፅ ተብሎ አልተሠራም። ቢሆንም የድምፅ ባለሙያ ገንዘብ ተከፍሎት የሚያዘውን ብዙ ነገር በውስጡ ይዟል፤ እኔ ሳየው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ወለሉን ተመልከቱ። አንድ ጠፍጣፋ ሜዳ አይደለም፤ ነደባ የሚባሉት መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል። ስለዚህ ድምፅ በወለልና በጣሪያ መካከል በአንድ ልክ እየተመላለሰ አይንጫጫም። በመደቦቹ ላይ ምንጣፍና ትራስ አለ፤ ከወለሉ ብዙው ቦታ ለስላሳ ሆነ ማለት ነው። ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ወፍራም ግድግዳ ነው፤ በውስጡ የዕቃ ማስቀመጫ ቀዳዳዎች ተፈልፍለውበታል፤ በላዩ ስፌቶችና ሳህኖች ተሰቅለውበታል። ጎርባጣ ገጽ የደረሰበትን ቀጭን ድምፅ እንደ መስታወት ወደ አንድ አቅጣጫ አይመልሰውም፤ ይበትነዋል። የተበተነ ድምፅ ክፍሉን ሕያው ያደርገዋል፣ ግጥሙን ግን አይሸፍነውም። የኡድ ክር ሲመታ መነሻው ጥርት ብሎ የሚሰማው እንዲህ ባለ ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ግን ልክ አለ። ስፌት የሚበትነው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ቤዝ ስፌቱን አያየውም።

ምንጣፍም ለቤዝ መድኃኒት አይደለም። ሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ወፍራም ምንጣፍ 4000 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ቀጭን ድምፅ ከግማሽ በላይ ሊውጥ ይችላል (ሄርዝ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ይነግረናል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይጎረንናል)፤ 125 ሄርዝ ላይ ግን የሚይዘው ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ነው። ቤቱን በምንጣፍ ከሞላችሁት ቀጭኑ ድምፅ ይሞትና ጎርናናው ብቻውን ይቀራል።

[ምስል፦ የክፍል ንድፍ፤ በሁለት ግድግዳዎች መካከል የቆመ ሞገድ።]

ቤዝ የሚያጓራው ለምንድን ነው? በድሬዳዋ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 350 ሜትር ያህል ይጓዛል። የ44 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ 8 ሜትር ይሆናል ማለት ነው፤ ግማሹ 4 ሜትር ነው። የክፍላችሁ ስፋት 4 ሜትር ከሆነ ይህ ሞገድ ግድግዳ መትቶ ሲመለስ ከራሱ ጋር ይገጥምና ያድጋል። ከቤዝ ጊታር ክሮች ወፍራሙ 41 ሄርዝ ገደማ ስለሆነ፣ 44 በብዙ ዘፈን የሚገኝ ድምፅ ነው። በ5 ሜትሩ ርዝመት 35፣ በ3 ሜትሩ ቁመት 58 ሄርዝ እንዲሁ ያብጣሉ። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል የሆነ ክፍል የባሰ ነው፤ ሁለቱም እብጠቶች አንድ ድምፅ ላይ ይደራረባሉ።

ይህ እብጠት ግድግዳው ሥር ይበዛል፣ መሀል ላይ ይጠፋል። ሶፋውን ከኋላ ግድግዳ ጋር ያጣበቀ ሰው ቤዙ ይበዛበታል፤ ክፍሉ መሀል የተቀመጠው ያጣዋል። ሶፋውን ከኋላ ግድግዳ የክፍሉን ርዝመት ሲሶ ያህል አርቃችሁ ጀምሩ፣ ከዚያ በጆሯችሁ አስተካክሉ።

የጣሪያውም ነገር አለ። ቆርቆሮ ከላይ፣ ስስ ኮርኒስ ከሥር ያለው አሮጌ ቤት ብዙ ጊዜ ቤዙ ይሻላል፤ ኮርኒሱ አብሮ እየተርገበገበ ጉልበቱን ይወስድበታልና። ሶሌታ ግን ይመልሰዋል። የሐረሩ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳም እንዲሁ።

ወደ ድምፅ ማጉያዎቹ እንምጣ። እባካችሁ ከቡፌ ውስጥ አውጧቸው! የቡፌው መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ ሣጥኑም የራሱን ድምፅ ይጨምራል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከእያንዳንዳቸው እስከ እናንተ ካለው ርቀት ጋር እኩል ይሁን፤ ትንሿ የቀጭን ድምፅ ማውጫ ከጆሯችሁ ትይዩ ትሁን። ከጀርባቸው ግድግዳ አንድ ሜትር ከራቁ፣ የሚመለሰው ቤዝ 87 ሄርዝ አካባቢ ከወጣው ጋር ይጣፋል፤ ግማሽ ሜትር ከሆነ 175 ላይ። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እያንቀሳቀሳችሁ ስሙ።

የጎን ግድግዳው የትኛው ቦታ እንደሚያስቸግር ለማወቅ ተቀመጡና አንድ ሰው መስታወት በግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ይሂድ። ድምፅ ማጉያው በመስታወቱ ውስጥ የታያችሁበት ቦታ ላይ መጋረጃ ስቀሉ፤ መጻሕፍት የተደረደሩበት መደርደሪያም ይሆናል።

ለብቻው የቤዝ ሣጥን ያላችሁ ደግሞ ሣጥኑን የምትቀመጡበት ወንበር ላይ አውጡትና ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈቱ። ከዚያ ወለሉ ላይ እየተንፏቀቃችሁ በግድግዳው ዙሪያ ስሙ። ቤዙ ሳያጓራ እኩል የተሰማችሁበት ቦታ የሣጥኑ ቦታ ነው፤ ቦታ ብትለዋወጡ የምትሰሙት ያንኑ ነውና።

ኢኳላይዘርን፣ ማለትም ቀጭኑንና ጎርናናውን ድምፅ ለየብቻ የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ማስተካከያ፣ መጨረሻ ላይ ንኩት፣ ያውም ያበጠውን ለመቀነስ። የጠፋውን ለመጨመር አይረዳም፤ ሞገዱ ከራሱ ጋር እየተጣፋ ስለሆነ፣ ሁለት እጥፍ ብታደርጉት የሚያጠፋውም እጥፍ ይሆናል። እዚያ ቦታ ላይ አምፕሊፋየሩን (ለድምፅ ማጉያዎቹ ጉልበት የሚሰጠውን ዕቃ) ከማስጨነቅ ወንበሩን ግማሽ ሜትር ወደ ፊት ሳቡት።