«ኖ ዎሪስ» አልኳት

እሺ... ሰላም ናችሁ? ድምፄን ዝቅ ያደረግኩት ግድግዳው ስስ ስለሆነ ነው። ጎረቤቴ ከሽሮዋ ቀን ወዲህ እንዳኮረፈችኝ ነው። የጭስ አላርሙን ይቅር ያለችኝ አይመስለኝም።

እና የማክሰኞው ክላስ። ስለ መቅደላ ነበር። ሚያዝያ 1860፣ በነሱ 1868። እንግሊዞች የዘረፉትን ዕቃ 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ ተሸክሞት ወረደ ይላል ስላይዱ። አንዱ ልጅ ተነስቶ... ማለቴ አልተነሳም፣ እዚህ ማንም አይነሳም። ሲናገር የሚነሳ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ የመጀመሪያው ሳምንት፣ ተውት። ብቻ ልጁ «የ1963ቱ የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ መመለስ ስለማይፈቅድ በውሰት ቢሰጥ ይሻላል» አለ። በውሰት! ድስቴን ወስዳ መልሳ ለኔው የምታውሰኝ ጎረቤት አስቡ።

ለእሱስ መልስ ነበረኝ። እዚያው ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦት አለ፣ የራሳቸው ሠራተኞች እንኳ የማያዩት፣ የኛ ካህናት ብቻ የሚገቡበት ክፍል። ላታዩት ምን ያደርግላችኋል? አልኩት። አስተማሪያችን «ኢንተረስቲንግ» አሉ። በስሜ ጥሩኝ ይላሉ፣ አፌ እንቢ ይለኛል፣ ይኸው አሁንም አንቱ አልኳቸው።

ከዚያ አጠገቤ የምትቀመጠዋ ልጅ... ጥሩ ልጅ ናት፣ ሙት። ስቀር ኖት የምትሰጠኝ እሷ ናት። ዞር አለችና ክንዴን ያዝ አድርጋ «በአገሬ ስም ይቅርታ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ክፍሉ ጭጭ። ማሞቂያው ብቻ ይንቆረቆራል። ሁሉም ያየኛል።

«ኖ ዎሪስ» አልኳት።

ኖ ዎሪስ! አውቶቡስ ላይ እግሬን የረገጠችኝ ይመስል። ሁሉም ተንፈስ አሉ፣ ሳቅ ያለም ነበር። ስላይዱ ተቀየረ። አለቀ።

ማነው የወከለኝ? ይሉኝታ ነው፣ አውቃለሁ። ይቅርታ ያለሽን ሰው «ምንም አይደል» ነው የምትይው፣ እንዲህ ነው ያደግነው። ግን እሷንስ ማን ወከላት? ከልጁ ጋር መጨቃጨቅ ይቻላል። ከሷ ጋር ምን ይባላል?

ደግሞ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ትዝ አለኝ። በ7 ዓመቱ አመጡት፣ በ18ቱ ሊድስ ላይ ሞተ። ንግሥት ቪክቶሪያ ታዝንለት ነበር እኮ። ዊንዘር ቀብረውት «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» ብለው ጻፉለት። እንግዳ! ማን ጠርቶት? በ2023 አፅሙ ይመለስ ሲባል ቤተ መንግሥቱ ሌሎቹን ሙታን ሳንረብሽ አይሆንም አለ። በጨዋ ቋንቋ። እምቢታቸውም ይቅርታቸውም እኩል ለስላሳ ነው፣ ወይም... እንጃ፣ ልጅቷን እየበደልኳት ይሆናል። እሷ ምን አደረገች?

ሐሙስ ቡና እንጠጣ ብላ ጽፋልኛለች። ገና አልመለስኩላትም። ምን ልበላት፣ «ያቺን ኖ ዎሪስ መልሺልኝ»? አሁን ይሄ ይባላል? ወይ ዝም ብዬ ሄጄ...

ቆይ፣ ግድግዳው ተመታ መሰለኝ።